የሌላውን ሐሳብ በራስ ቃል ስለ መጻፍ

(በሬዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ባለፈው ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የመጣው ከኮልፌ ቀራንዮ ነው። ጸሐፊው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ስሙን እንዳልጠራበት ለምኖኛልና አልጠራውም፤ የትምህርት ቤቱንም ስም ማንሣት አያስፈልግም። አቤቱታው እንዲህ ነው። መምህራቸው «ስለ ሰፈራችሁ ታሪክ አንድ ድርሰት ጽፋችሁ አምጡ» ብለው ያዝዟቸዋል። ልጁም የደቡብ አፍሪካው ታላቅ ሰው ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ የወታደርነት ትምህርት መማራቸውን መርጦ ሁለት ገጽ ያህል ጽፎ ያቀርባል። ወረቀቱ ሲመለስለት በራስጌው ላይ በቀይ ቀለም ዜሮ ተጽፎበት፣ ከዜሮውም በታች «ይህ ያንተ አይደለም» የሚል ቃል ሰፍሮበት ያገኘዋል። «እኔ ግን» ይላል በደብዳቤው፣ «ከመጽሐፍ አንድም ዐረፍተ ነገር እንዳለ አልገለበጥሁም። ቃሉን ሁሉ አንድ በአንድ ለውጫለሁ። ቃሉን ከለወጥሁ ስለ ምን ሌባ እባላለሁ?»

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው እርሱ ብቻ አይደለም። በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ወጣቶችም ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ስፈጽም ልዩነቱን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም፤ ያወቅሁት በሥራ ላይ ካፈርሁ በኋላ ነው፤ እርሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ለልጁ የምሰጠው መልስ በአጭሩ፣ መምህሩ በሰጡት ማርክ አልተሳሳቱም፣ ልጁም ሌባ አይደለም የሚል ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው ሊቆሙ እንደሚችሉ ለማስረዳት ግን ጥቂት ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

አስቀድሞ ስለ ታሪኩ ራሱ ጥቂት ልናገር፤ የኮልፌ ሰው እንኳ ሁሉ አያውቀውምና። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የነጻነት ንቅናቄ በአዲስ አበባ ባደረገው ጉባኤ ላይ ለመገኘት ወደ አገራችን መጡ። ከካርቱም በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲመጡ አውሮፕላኑን የሚነዳው ጥቁር ሰው መሆኑን ባዩ ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ድንጋጤ እንደ ያዛቸውና፣ ኋላ ግን በራሳቸው እንደ ተገረሙ እሳቸው ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው አውስተውታል። ከጉባኤው በኋላ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን ዞረው፣ እስከ ለንደንም ደርሰው፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ተመለሱ። በዚያን ዘመን በኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበረ። ማንዴላም በዚያ ተኩስ፣ የፈንጂ አጠማመድና ረጅም የእግር ጉዞ ተለማመዱ፤ የውጊያንም ጥበብ ኋላ ጄኔራል ከሆኑት ከኮሎኔል ታደሰ ብሩ ተማሩ። ወደ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዙ፤ ከእስር የተፈቱት በ1982 ዓ.ም. ነው። «ረጅሙ ጉዞ ወደ ነጻነት» ልንለው የምንችለው የሕይወት ታሪካቸው በእንግሊዝኛ የታተመው በ1987 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ ጽሑፉ ነገር እንግባ። ልጁ ድርሰቱን ከደብዳቤው ጋራ አያይዞ ልኮልኛል፤ ነገር ግን እርሱን በአደባባይ ማንበብ ልጁን ማሳፈር ስለሚሆን፣ ለምሳሌ የሚሆን አጭር ጽሑፍ እኔው አዘጋጅቻለሁ። ይህ ጽሑፍ አንድ ደራሲ ከማንዴላ መጽሐፍ ጠቅሶ የጻፈው ነው ብለን እንቍጠረው፤

«ኔልሰን ማንዴላ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር የወታደርነት ትምህርት ተቀበሉ። ትምህርቱ ስድስት ወር እንዲቈይ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ወር ያህል እንደ ተማሩ ከድርጅታቸው የመመለሻ ጥሪ ደረሳቸው። ሲሰናበቱም ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት ሰጧቸው።»

እንግዲህ ተማሪው ይህን ፊቱ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን በመጽሐፉ አንድ ዓይኑን በወረቀቱ ላይ አድርጎ እንዲህ ይጽፋል፤

«ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ዓ.ም. ከመዲናችን በምዕራብ አቅጣጫ በኮልፌ ባለው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰዱ። ሥልጠናው ግማሽ ዓመት እንዲፈጅ ታቅዶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ስምንት ሳምንት ገደማ እንደ ሠለጠኑ ከፓርቲያቸው የተመለስ መልእክት መጣላቸው። ሲለያዩም ኮሎኔል ታደሰ ብሩ አንድ መሣሪያና ሁለት መቶ ጥይት አበረከቱላቸው።»

አድማጮቼ፣ ሁለቱን አስተያይታችሁ እንደ ሆነ፣ ልጁ ከቃሉ አብዛኛውን ለወጥሁ ማለቱ ውሸት አይደለም። «ሰፈር» የነበረው «ካምፕ» ሆኗል፤ «ስድስት ወር» የነበረው «ግማሽ ዓመት» ተብሏል። ነገር ግን ዐረፍተ ነገሩ በተነሣበት ቦታ ይነሣል፣ በወደቀበት ቦታ ይወድቃል። የሐሳቡ ቅደም ተከተል፣ ምን እንደሚቀድምና ምን እንደሚከተል የመረጠው፣ በመጨረሻም ሽጉጡን አስቀምጦ የዘጋው ያ የመጀመሪያው ደራሲ ነው። የደራሲ ድካም ያለው ደግሞ ይልቁንም በዚህ ነው። ቃልማ በመዝገበ ቃላት ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሥራ የሰውን ኩታ ወስዶ ጥለቱን ብቻ አስቀይሮ «የኔ ነው» እንደ ማለት ነው፤ ሸማኔው ባየው ጊዜ ያውቀዋል።

በዚህ ብቻ ቢበቃ መልካም ነበር። የባሰው ግን እንዲህ ያለ መለዋወጥ ነገሩን ማበላሸቱ ነው። ደራሲው «ሽጉጥ» ያለውን ተማሪው «መሣሪያ» ብሎታል። ምን መሣሪያ? ጠመንጃ ነው ወይስ መትረየስ? ሌላ ቃል ስላስፈለገው ብቻ የታወቀውን ነገር ያልታወቀ አደረገው። ከሁሉም የከፋው «እንደ አውሮፓ አቈጣጠር» የሚለው ሐረግ በመንገድ ላይ ወድቆ መቅረቱ ነው። በኛ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. ማንዴላ ኮልፌ አልነበሩም፤ በሮበን ደሴት እስረኛ ነበሩ። ተማሪው የጻፈውን ቢያስተውለው ኖሮ ይህ ባላመለጠውም ነበር። እጁ ጻፈ እንጂ ልቡ አልጻፈም። ልጁ በላከልኝ ድርሰት ውስጥ ይህን የመሰለ የዓመት ስሕተት በሁለት ቦታ አግኝቻለሁ፤ መምህሩም «ይህ ያንተ አይደለም» ያሉት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ታዲያ እንዴት ይጻፍ? ተማሪው ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቦ መጽሐፉን ይዝጋው። ከዚያም ያነበበውን ለእናቱ ወይም ለጎረቤት ልጅ በቃል ይንገር። ቡና በሚፈላበት ሰዓት የሚነገር ወሬ መዝገበ ቃላት አይፈልግም፤ ሰው የገባውን በገባው መጠን በራሱ አንደበት ይናገራል። ያልገባውም ነገር በዚያው ሰዓት ይጋለጣል፤ እናቱ «ለምን ጠሩት?» ብላ ስትጠይቀው መልስ ካጣ፣ መጽሐፉን መልሶ ከፍቶ ማንበብ አለበት። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ እንደ ተዘጋ ይጻፍ። ጽፎ ሲጨርስ ብቻ ገልጦ ያስተያይ፤ ቍጥሩና ስሙ ትክክል መሆኑን ይመርምር፤ የደራሲው ሐረግ እንዳለ ሾልኮ ገብቶ እንደ ሆነም ወይ ያውጣው፣ ወይ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያግባው። እንዲህ ያደረገ ተማሪ ምናልባት የሚከተለውን ይጽፍ ይሆናል፤

«ማንዴላ በኮልፌ የጀመሩትን የወታደርነት ትምህርት አልፈጸሙም። እገሌ የተባለው ደራሲ ከማንዴላ መጽሐፍ ጠቅሶ እንደሚነግረን፣ በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ ከታሰበው ጊዜ ሢሶውን ያህል እንደ ተማሩ ድርጅታቸው ወደ አገራቸው ጠራቸው። ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ለመንገድ ስንቅ ያደረጉላቸው ሽጉጥና ጥይት ነው። ይህም ተማሪያቸው ወዴት እንደሚሄዱ ኮሎኔሉ ፈጽመው እንደ ተረዱት ያሳያል።»

እዚህ ላይ ተማሪው ነገሩን በራሱ መንገድ ጀመረው፤ ትምህርቱ አለመፈጸሙ ከሁሉ ይልቅ ስለ ደነቀው እርሱን አስቀደመ። ስድስቱንና ሁለቱን ወር አካፍሎ ሢሶ መሆኑን አገኘ። ዓመቱን ወደ አገሩ አቈጣጠር መለሰ። ሐሳቡን ያገኘበትን ሰው በስሙ ጠራ፤ ማንዴላን ራሳቸውን ሳያነብ አንብቤአለሁ አላለም። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ደግሞ የራሱ ፍርድ ነው፤ ከየትም አልተወሰደም። አንባቢው የደራሲው ቃል የት እንዳበቃ፣ የተማሪው አስተያየት የት እንደ ጀመረ ያለ ችግር ያያል።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ስም መጥራቱ ለደራሲው ክብር ነው፤ ለተማሪው ግን ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የኮልፌው ታሪክ ራሱ ለዚህ መልስ አለው። ማንዴላ በሕይወት ታሪካቸው በኮልፌ ስምንት ሳምንት ያህል እንደ ተማሩ ይተርካሉ። በዚያው በትምህርቱ ጊዜ የያዙት የማስታወሻ ደብተር ደግሞ ከፊሉ በ2003 ዓ.ም. በሌላ መጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል፤ በደብተሩ ውስጥ የመጀመሪያው የፈንጂ ትምህርት የተሰጣቸው ሰኔ 22 ቀን 1954 ዓ.ም. መሆኑ ይገኛል። ወደ ደቡብ አፍሪካ የተመለሱትም በሐምሌ ወር አጋማሽ ነው። ቀኑን በጣት ብንቈጥረው አንድ ወር እንኳ አይሞላም። ይህ ማንዴላ ዋሹ ማለት አይደለም፤ ሰው ከብዙ ዓመት እስራት በኋላ ያለፈውን ሲያስታውስ ጊዜው ሊረዝምበት ወይም ሊያጥርበት ይችላል። እንግዲህ «ማንዴላ በኮልፌ ሁለት ወር ተማሩ» ብሎ በደፈናው የጻፈ ተማሪ ስሕተቱን የራሱ አድርጎታል። «ማንዴላ በመጽሐፋቸው እንደሚሉት ሁለት ወር ያህል ተማሩ» ያለው ግን ትናንትም ዛሬም እውነተኛ ነው፤ እሳቸው በእርግጥ እንዲህ ብለዋልና።

ከዚህም በላይ ነገሩን ያዩ ሌሎች ምስክሮች አሉ። ማንዴላ በ2006 ዓ.ም. ባረፉ ሰሞን፣ በኮልፌ ካሠለጠኗቸው አንዱ የነበሩት ኮሎኔል ፈቃዱ ዋኬኔ የሚያስታውሱትን ለቢቢሲ ተናግረዋል። ተማሪው ከመጽሐፉና ከኮሎኔሉ ቃል አንዱን ከአንዱ ደባልቆ ስም ሳይለይ ቢጽፍ፣ ማን ምን እንዳየ ወደ ፊት የሚለይ ሰው አይገኝም። ሁለት ምስክር የነበረው ነገር ምስክር የሌለው ወሬ ይሆናል።

አሁን ስለ ራሴ የተናገርሁትን ዕዳ ልክፈል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ አንድ የአዲስ አበባ ሰፈር አመሠራረት በሬዲዮ ስናገር፣ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ያገኘሁትን ነገር ምንጩን ሳልጠራ በራሴ ቃል አሳምሬ አቀረብሁት። በማግሥቱ አንድ ሽማግሌ በስልክ ፈልገው አገኙኝና «ልጄ፣ ይህን ማን ነገረህ?» አሉኝ። ከመጽሔት እንዳገኘሁት ብመልስላቸው «የትኛው መጽሔት?» አሉ። በደብተሬ ላይ የመጽሔቱን ስም አልጻፍሁም ነበርና መልስ አልነበረኝም። የሰፈሩ ነዋሪ ስለ ነበሩ የተናገርሁት ስሕተት መሆኑን በማስረጃ አስረዱኝ። ስሕተቱ የመጽሔቱ ነበር፤ ስሙን ስላልጠራሁ ግን የኔ ሆኖ ቀረ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት ቀርቤ ቃሌን አረምሁ። ከዚያ ወዲህ ደብተሬ በሁለት ተከፍሏል፤ በስተ ቀኝ የሰው ቃል ከነስሙና ከነገጹ፣ በስተ ግራ የራሴ ሐሳብ።

በቋንቋችን እንዲህ ያለውን በምስክርነት የሚጠራ መጽሐፍ «ዋቢ» እንለዋለን። ዋቢ ማለት ዋስ፣ ተያዥ ማለት ነው። ባለ ጉዳይ ዋስ ሲጠራ የሚያፍርበት ነገር የለም፤ እንዲያውም ዋስ ያጣ ሰው ነው የሚያፍረው። ተማሪዎቻችን ግን ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጠው ያዩታል። ብዙ ስም ከጠራሁ ድርሰቱ የኔ አይደለም ይባላል ብለው ይፈራሉና፣ ዋሶቻቸውን ከበር ውጭ ትተው ብቻቸውን ወደ ችሎት ይገባሉ።

ይህ ፍራት ከየት መጣ? በኔ አስተያየት ከፊሉ የመጣው ትምህርት ቤቶቻችን ቃል በቃል ማጥናትን ለረጅም ዘመን ስላከበሩ ነው። የማክበሩ ሥር ደግሞ ጥንታዊ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ዳዊት የሚደግም ልጅ አንዲት ፊደል ቢለውጥ ይገሠጻል፤ በዚያ ቦታ አለመለወጥ ምግባር ነው። መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊም ሌባ አልተባለም፤ የጻፈው የማን መጽሐፍ እንደ ሆነ በግልጥ የታወቀ ነውና። ነገር ግን ያው ልጅ አድጎ ወደ ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጣል። በዋሸራም ይሁን በጎንጅ ወይም በዋድላ፣ ተማሪ ቅኔ ቈጥሮ ለመምህሩ ሲነግር የሚጠበቅበት አዲስ ነገር ነው። የሌላውን ቅኔ ጥቂት ቃል ለውጦ «የኔ ነው» ቢል፣ ከጓደኞቹ መካከል ጆሮው የተሳለ አንዱ ያውቅበታል፤ እፍረቱም ቶሎ አይለቀውም። በትርጓሜ ቤት ደግሞ መምህሩ የመጽሐፉን ንባብ ለይተው ካነበቡ በኋላ «አንድም» እያሉ ፍቺውን ይደረድራሉ፤ የላይ ቤት እንዲህ ይላል፣ የታች ቤት ግን እንዲህ ይላል እያሉ የየወገኑን ሐሳብ ለየወገኑ ይሰጣሉ። ስለዚህ ምንጭን መጥራት ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ሕግ ነው የሚሉኝን አልቀበላቸውም። ከቅኔ ቤት ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ስንሻገር ዳዊት መድገሙን ይዘን መጥተን፣ ቅኔ መቍጠሩን ከመንገድ ጥለነው መጣን ብል ይሻላል።

ምንጭን የመጥራትን ዋጋ የምታሳይ አንዲት ታሪክ ልጨምር። ከአምሐራ አገር ከመካነ ሥላሴ የወጡ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ መነኵሴ ነበሩ። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1649 ዓ.ም. በሮም አገኛቸው፤ በ1652 ዓ.ም. ደግሞ ጎታ በተባለችው ከተማ፣ በመስፍኑ በኤርንስት ቤተ መንግሥት አብረው ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋና ታሪክ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም ነገሩት። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 ዓ.ም. በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ቋንቋ ያሳተመው በ1681 ዓ.ም. ነው። መነኵሴው ከሞቱ 23 ዓመት አልፎ ነበርና ስማቸውን ቢደብቀው የሚከሰው ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ይህን ያገኘሁት ከጎርጎርዮስ ነው እያለ ጻፈ። እኛ ዛሬ እኚህን የአገራችንን ሰው ልናውቃቸው የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የመሰለ ቅንነት ሁሉም አላሳየም፤ ጄምስ ብሩስ በ1770 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን ባየ ጊዜ፣ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ካህን በ1618 ዓ.ም. ቀድሞት ማየቱን ሊያምንለት አልፈለገም። የግሽ ገበሬዎች ግን ሁለቱም ሳይመጡ ከምንጩ አጠገብ ይኖሩ ነበር።

ስለ ሕጉ በአጭሩ ልለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት፤ በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ወጣ፤ ይህም በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አዋጁ ከታተመ ሥራ ላይ ለተገቢ ዓላማና በተገቢ መጠን መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጥ ግን ይጠይቃል። ሕጉ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጠበትን መልክ እንጂ ሐሳቡን ራሱን አይደለም፤ የጥበቃውም ዘመን ደራሲው ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ያበቃል። የትምህርት ቤት ወግ ግን ከሕግ ይልቅ ጥብቅ ነው። ደራሲው ከሞተ ሦስት መቶ ዓመት ቢሆነውም፣ ቃሉ ሁሉ ቢለወጥም፣ ሐሳቡ የእርሱ እስከ ሆነ ድረስ ስሙ ይጠራል።

በአገራችን ተማሪ ዘንድ ደግሞ አንድ የተለየ ስሕተት አለ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰውን ሁሉ የራሱ ድርሰት አድርጎ ይቈጥረዋል። በእርግጥ መተርጐም ከባድ ድካም ነው፤ የሚመሰገነው ግን በተርጓሚነት እንጂ በደራሲነት አይደለም። በእጅ ስልኩ ከኢንተርኔት ለቅሞ የሚያመጣው ጽሑፍም እንዲሁ ነው፤ የጸሐፊው ስም ስላልተጻፈበት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ዛሬ ደግሞ ጥያቄ ሲቀርብለት በጥቂት ሰከንድ ድርሰት የሚያወጣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባል መሣሪያ መጥቷል። መሣሪያው ዋቢ ጥራ ቢሉት አንዳንድ ጊዜ ያልተጻፈ መጽሐፍ ይጠራል፤ ይህን ራሴ አይቻለሁ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች አጠገብ «የመመረቂያ ጽሑፍ እናዘጋጃለን» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ የሚያይ ሰው፣ ከዚህ መሣሪያ በፊትም ነገሩ እንዳልጠፋ ያውቃል። በገንዘብ ያስጻፈውና በመሣሪያ ያስጻፈው ከአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። የኮልፌው ልጅ ግን ከእነዚህ ጋራ አይቈጠርም፤ እርሱ ሁለት ገጽ ሲጽፍ በእውነት ደክሟል። የደከመበት መንገድ ነው የተሳሳተው።

ሁሉ ነገር ዋቢ ይፈልጋል ማለትም አይደለም። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. መሆኑን ለመጻፍ ደራሲ መጥራት አያስፈልግም፤ ሕፃን የሚያውቀው ነው። ጦርነቱ ለምን በዚያ ቀን እንደ ተጀመረ አንድ የታሪክ ሰው የሰጠውን አስተያየት ሲጽፉ ግን ስሙን መጥራት ይገባል።

ለመምህሩም አንድ ቃል አለኝ፤ በአክብሮት ነው። ዜሮው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን «ያንተ አይደለም» ብቻ ብሎ መተው ልጁን በጨለማ ማስቀረት ነው። ይህን ልዩነት በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ በአንድ ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ቢያሳዩአቸው፣ ምናልባት ከዚያ ክፍል ብዙ ወረቀት በቀይ ቀለም ባልተመለሰም ነበር።

አሁን ወንድሜ ሆይ፣ ላንተ የምነግርህ አንድ ነገር ቀርቶኛል። በደብዳቤህ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርገህ የጻፍኸውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አያትህ በልጅነታቸው በኮልፌ ከብት ሲጠብቁ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊሶች ማለዳ ማለዳ ሸክም ተሸክመው በሩጫ ሲያልፉ ያዩ እንደ ነበርና፣ የጫማቸው ድምፅ ገና ሳይታዩ ይሰማ እንደ ነበር ነግረውሃል። አንተ ግን ይህን በመጀመሪያ ጽፈኸው ኋላ «በመጽሐፍ ላይ የለም» ብለህ ሰረዝኸው። ከሁለቱ ገጾች ሁሉ በማንም መጽሐፍ የማይገኘው ይህ ብቻ ነበር። ድርሰትህን እንደገና ጻፈውና ለመምህርህ አቅርበው፤ ማርኩን ባይለውጡልህም ያነቡልሃል። አያትህን ደግሞ ዛሬ ማታ ጠይቃቸው፤ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ነበረ፣ ፖሊሶቹ ከየት ተነሥተው ወዴት ይሮጡ እንደ ነበር፣ ከእሳቸው ጋራ ከብት ይጠብቁ ከነበሩት በሕይወት ያለ ሰው እንዳለ ጠይቃቸው። በስማቸው ለመጥራትም አስፈቅዳቸው። ከዚያም በገጹ ግርጌ ስማቸውን ከነማዕርጋቸው፣ የነገሩህንም ቀን ጽፈህ፣ «አያቴ በቃል እንደ ነገሩኝ» በል።

ደኅና ሁኑ።